ያልረጋው ደም

ኅዳር ሃያ ሁለት ቀን 1930 ዓ.ም.፣ ሮብ ጠዋት፣ የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ የጉልላት ደም ደጃፉ ላይ ፈሶ ተገኘ። ደም ነው ያልኩት፤ ሬሳ አላልኩም። ሬሳ አልነበረም።

እኔ ሻምበል ሀብተማርያም ነኝ። በጃንሆይ ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመት የአራዳ ዘበኛ መርማሪ ነበርኩ። ጣሊያን ሲገባ «ሥራህን ቀጥል» አለኝ፣ ቀጠልኩ። አምስት ልጅ አለኝ እያልኩ ራሴን አሳመንኩ። የኮልፌ ሰው ፊት ለፊት «ሻምበል» ይለኛል፤ ዘወር ስል «ባንዳ» ይለኛል። ምን ይበል ታዲያ? እኔም በነሱ ቦታ ብሆን እንዲያው ነበር የምለው።

ስደርስ ጎረቤቱ ሁሉ የባሕር ዛፉን አጥር ከቦ ያወራል። እኔን ሲያዩ ወሬው ቀጥ አለ። የካራቢኜሪዎቹ፣ የጣሊያን ፖሊሶቹ፣ አለቃ ማሬሻሎው ቀድሞኝ ደርሶ ግቢው መሃል እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆሟል። ደጃፉ ላይ የተበጫጨቀ ኩታና አንድ እግር ጫማ ወድቋል። ከበሩ ደፍ እስከ አጥሩ ቀዳዳ ድረስ የደም ዱካ ተጎትቷል።

ሚስትየዋ ጽጌማርያም ሁለት ልጆቿን ቀሚሷ ሥር አድርጋ ደረቷን ትመታለች።

«ጅብ በላብኝ! ወይኔ ባሌን ጅብ በላብኝ!»

ማሬሻሎው ወደ እኔ ዞረ። አስተርጓሚው ራሱ ስለጠፋ በጣሊያንኛ ነው የተነጋገርነው፤ እኔ ስድብና ትእዛዝ እስኪገባኝ ድረስ ለምጄዋለሁ።

«ጅብ ትላለች። ታዲያ ጅብ ልሰቅል? የሞተው የእኔ ሰው ነው። ቅዳሜ ገበያ ላይ አንድ ሰው ይሰቀላል። ማን እንደሆነ አንተ ንገረኝ።»

ሰው ለማግኘት ደግሞ ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም። በላይነሽ የምትባል ጎረቤት ከሰዉ መሃል ወጥታ ቀረበች፦

«ትናንት አመሻሽ ላይ ጉታ ከዚህ ግቢ ሲወጣ አይቻለሁ። ቀኝ ክንዱ እስከ ክርኑ ደም ነበር። እኔ ያየሁትን ነው የምናገር፤ የሰው ነፍስ ነው።»

ጉታ አራጅ ነው። አራጅ ደም ቢነካ ምን ይደንቃል ትሉ ይሆናል። ግን ጾመ ነቢያት ከገባ ሳምንት ሆኖታል። በኮልፌ አንዲት በግ እንኳ የሚያርድ የለም፤ ልኳንዳዎቹ ሁሉ ተዘግተዋል። በጾም ወር ሰፈር ውስጥ ትኩስ ደም ከታየ ከሰው እንጂ ከምን ይመጣል? ሕዝቡም ያሰበው ይህንኑ ነው። ማሬሻሎው ከቤቱ አስወጥቶ አሰረው።

እኔ ግን ዓይኔ ሌላ ነገር ላይ ቀርቷል። የበሩ ደፍ ድንጋይ መሃሉ ጎድጉዶ አንድ ስኒ የሚሞላ ደም አቁሯል። በጭራሮ ነካሁት። ምንም አልያዘኝም፤ ጭራሮው ውሃ ነክቶ እንደወጣ ሆነ። አሥራ ሁለት ዓመት ደም ሳይ ኖሬያለሁ። ያደረ ደም እንደ ጉበት ይረጋል፤ ዳር ዳሩን ቢጫ ውሃ ያወጣል። ይሄ አድሮም ቀጭን ነው። ማሬሻሎው ዞር ሲል በባዶ የኪኒን ጠርሙስ ቀዳሁና ኪሴ ከተትኩት።

*

ጽጌማርያምን ቤት ውስጥ ለብቻዋ አነጋገርኳት።

«ስትተኙ ጉልላት የት ነበር?»

«ውጭ። ለሽንት ወጣሁ ብሎ።»

«ሲጮህ አልሰማሽም?»

«አልሰማሁም።»

«ጅብ ሰው ከደጅሽ ሲጎትት አልሰማሽም?»

«እንቅልፌ ከባድ ነው፣ ሻምበል።»

ዓይኗን አየሁት። ስትጮህ ነው የቆየችው፤ ዓይኗ ግን ቀልቷል እንጂ አላለቀሰም። ሐዘን ሰውን እንዲያ ያደርቃል ይባላል። ይሁን። ግን አልተዋጠልኝም።

«ይሄ ደም ለምን አልረጋም?»

ልጆቿን አየት አደረገች። ከዚያ ቶሎ ብላ መለሰች።

«የእሱ ደም አይረጋም። አምና ጥርሱ ሲነቀል ሁለት ቀን ሙሉ ደማ። የእናቱ ወንድሞችም እንዲያው ነበሩ። ምላጭ ከነካቸው አለቀላቸው።»

ጥያቄው እንደሚመጣ ታውቅ የነበረ ሰው እንደዚህ ነው የሚመልሰው። ወይም ደግሞ እውነቱን የሚናገር ሰው። ሁለቱን መለየት ነው እንጀራዬ፤ ያን ቀን ግን አቃተኝ።

*

ጉታ በጣሊያኖቹ ካምፕ እስር ቤት መሬት ላይ ተቀምጧል። ፊቱ አባብጧል፤ ቀድመውኝ «መርምረውታል»።

«ገደልከው?»

«አልገደልኩትም።»

«ትናንት አመሻሽ ግቢው ምን ትሠራ ነበር?»

እጁን ብብቱ ሥር ሸሸገ።

«ክንድህ ላይ የነበረው የምን ደም ነው?»

«የካምፑ በሬ ነው። ለጣሊያኖቹ የማርደው እኔ ነኝ፤ እነሱ ጾም አያውቁም።»

«ካምፑ የሚታረደው ጠዋት ነው። ታጥበህ ነው የምትወጣ። በላይነሽ ያየችህ አመሻሽ ላይ ነው።»

«ሻምበል፣ ጅብ ነው የበላው። ጅብ ብለው ይጻፉ።»

«ጅብ ብዬ ብጽፍ ቅዳሜ አንተን ከመስቀል የሚያስጥል ይመስልሃል?»

መሬት መሬት እያየ ትከሻውን ነቀነቀ። እኔ ደግሞ የተናደድኩት በዚህ ነው። ሊሰቀል ሦስት ቀን የቀረው ሰው ይለምናል፣ ይምላል፣ ሌላ ሰው ይጠቁማል። ይሄኛው የሚሸሽገው ነገር አለ። ግን ማንን ነው የሚከላከለው? ራሱን እንዳልሆነ እርግጠኛ ነኝ።

*

በካምፑ ሐኪም ቤት ደሜ የሚባል ቁስል አጣቢ አለ። ወለጋ ሚሲዮን ሆስፒታል የሠለጠነ፣ ዝምተኛ፣ ንጹሕ ሰው ነው። አላምነውም ነበር። ጣሊያን ቤት የሚሠራን አበሻ አላምንም፤ እኔም ራሴ አንዱ ነኝ። ጠርሙሱን ግን ሌላ የማሳየው ሰው አልነበረኝም።

«የማን እንደሆነ አትጠይቀኝ» አልኩት። «ለምን እንዳልረጋ ብቻ ንገረኝ። ደሙ የማይረጋ ሰው አለ ወይ?»

«አለ። ወንዶች ላይ ነው የሚታየው፣ በእናት በኩል ይመጣል።» ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ከፍ አደረገው። «ሻምበል፣ ሊጥ በምን ይነሳል?»

«በእርሾ ነዋ!»

«ደም ውስጥም እርሾ አለ። ጣሊያኖቹ ትሮምቢና ይሉታል። ደም ሥር ውስጥ እያለ ተኝቶ ነው የሚዞረው፤ ቁስል ሲነካው ይነቃል። ሲነቃ በደሙ ውስጥ የሟሟውን ሊጥ ክር ያደርገዋል። ክሩ ይጠላለፍና ደሙን ይይዘዋል። መርጋት ማለት ይኸው ነው። የነዚያ በሽተኞች እርሾ አይነቃም፤ ሊጣቸው ግን ሙሉ ነው።»

«ታዲያ በምን ይታወቃል?»

«የነቃ እርሾ ከእኔ እሰጠዋለሁ። በሽተኛ ከሆነ ወዲያው ይረጋል።»

ጣቱን ወጋና ደሙን ብርጭቆ ላይ አንጠባጠበ። እስኪረጋ ጠበቅን። ቢጫ ውሃ ማውጣት ሲጀምር የነቃው እርሾ ያለበትን ያንን ውሃ በቀጭን ቱቦ መጥጦ ከጠርሙሱ በተቀዳው ደም ላይ ጨመረ። እጁ ውስጥ አሞቀው። አንዴ፣ ሁለቴ አዘነበለው። ሩብ ሰዓት ቆየን፤ ደሙ ወዲያና ወዲህ ይፈሳል፣ ምንም አልሆነም።

«በሽተኛ አይደለም» አለ ደሜ። «እርሾ ሰጠሁት፤ የሚነሳ ሊጥ የለውም።»

«ሊጡ የት ይሄዳል?»

«ደሙ ትኩስ ሳለ በእንጨት ካማሰሉት ክሩ እንጨቱ ላይ ይጠመጠማል። እንጨቱን ሲያወጡት የሚረጋው ነገር አብሮ ይወጣል። የቀረው ቢሰነብትም አይረጋም።» ጠርሙሱን መለሰልኝ። «ይሄን ደም ሰው ቁጭ ብሎ አማስሎታል፣ ሻምበል። ከቆሰለ ሰው የፈሰሰ ደም ደግሞ ማንም አያማስልም።»

ጽጌማርያም ዋሽታኛለች ማለት ነው።

*

በጾም የሚታረድበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፦ ካምፑ። ሐሙስ ጠዋት ወደ ወጥ ቤቱ ሄድኩ። ጉታ ስለታሰረ ሌላ ሰው ነው ያረደው። ወፍራሙ ጣሊያናዊ ወጥ ቤት ባልዲ ላይ አጎንብሶ በቅርፊት አልባ የባሕር ዛፍ እንጨት ትኩስ ደም ያማስላል፣ ያማርራል። እንጨቱን ሲያወጣው ነጫጭ ክር እንደ ጅማት ተጠምጥሞበታል።

«ምን ልታደርገው ነው?» አልኩት።

«ከወተትና ከስኳር ጋር ጣፋጭ እሠራለሁ።»

አማተብኩ። በስመ አብ! እንኳን በጾም በፍስክም ደም ይበላል?

«የአዲሱ ሰው እጅ አይረባም» አለ እያማሰለ። «ጉታን ልቀቁልኝ! አንድ ዓመት ሙሉ አንዲት ጓል ረግታበት አታውቅም። በሬው አንገት ላይ ቢላ ሳያርፍ እንጨቱ እጁ ላይ ነው። ማክሰኞ ብቻ ነው ያበላሸው፤ አንድ ባልዲ ደፋሁ አለኝ።»

ማክሰኞ። ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ነው በላይነሽ ጉታን ያየችው።

ወጥ ቤቱን አመስግኜ ወጣሁ። አጥሩን ተደግፌ ነገሩን አጠጋጋሁት፦ ደጃፉ ላይ የፈሰሰው ያ የበሬ ደም ነው። ጉልላት አልሞተም። በሕይወት አለ፤ እንዲህ የጠፋ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ደግሞ የኮልፌ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ከኛ ወደ ምዕራብ የመናገሻ ጫካ ነው፣ ጫካው ውስጥ አርበኞች አሉ።

*

«ጉታ» አልኩት፣ ጠባቂውን ሲጋራ ሰጥቼ ካራቅሁት በኋላ፣ «ጉልላት በሕይወት አለ።»

ቀና አላለም።

«ደሙ የካምፑ በሬ ነው። ማክሰኞ ደፋሁ ያልከው ባልዲ ነው። አማስለኸዋል፤ ለዚህ ነው ያልረጋው።»

ያን ጊዜ ቀና አለ። መጀመሪያ ግራ የተጋባ መሰለ፣ ቀጥሎ ባበጠ ከንፈሩ ሳቀ።

«አማሰልኩት? ውይ! እጄ ነው፣ ሻምበል! ሳላዘው ነው ያማሰለው። አንድ ዓመት ሙሉ የለመደው ሥራ ነው።» ሳቁ ጠፋ። «ማሬሻሎው ያውቃል?»

«ገና አልነገርኩትም።»

«ጉልላትን የሰው ስም ዝርዝር ያስነብቡት ነበር። ያነበበው ሰው ሁሉ በነጋታው ይረሸናል። አልቻልኩም አለኝ። ዝም ብሎ ቢጠፋ ደግሞ ሚስቱና ልጆቹን... ባለፈው የከዳው ጸሐፊ ሚስትና ልጅ የት እንደደረሱ ያውቃሉ።»

አውቃለሁ። ከቤታቸው አውጥቼ መኪናው ላይ የጫንኳቸው እኔ ነኝ። ልጁ የአራት ዓመት ልጅ ነበር፤ ወደ ሶማሌ በረሃ ተጋዙ፣ ከዚያ ወዲህ ወሬያቸው ጠፋ።

«እውነቱን ብጽፍ ትፈታለህ» አልኩት።

«እነሱ ይጫናሉ።»

«ባልጽፍ ትሰቀላለህ።»

«ሻምበል፣ ሚስቴ ዱሬቲ በየካቲቱ እሳት ከነቤታችን ተቃጥላ ሞተች። ልጅ አልነበረንም። እኔ ብሰቀል የሚራብ ሰው የለም።» እጄን ያዘኝ። «አልፈራሁም አልልዎትም። ፈርቻለሁ። ግን ዝም ይበሉልኝ።»

ወጥቼ ካምፑን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። እውነቱን ብጽፍ ንጹሑ ሰው ይድናል፤ መርማሪ የተፈጠረው ለዚህ አይደል? ማሬሻሎውም ይሸልመኛል። ዳሩ ግን ያቺ ሴትና ሁለቱ ልጆች መኪና ላይ ሲወጡ ደግፎ የሚያወጣቸው ሌላ ሰው አይሆንም፣ እኔው ነኝ። ራሴን ጠላሁት። እንዲያ ራሴን ስረግም ነው የጽጌማርያም ውሸት ትዝ ያለኝ። ደሙ አይረጋም ብላኛለች። ለምን እውነት አላደርግላትም?

*

ደሜ መርፌ ሲቀቅል አገኘሁት።

«እርሾው የተኛ፣ ሊጡ ሙሉ የሆነ ደም እፈልጋለሁ» አልኩት።

እሳቱን አጠፋ።

«ማን ላከዎት?»

«ማንም።»

«ሊፈትኑኝ ነው? ማሬሻሎው ነው የላከዎት?»

«ደሜ፣ አንተ አታምነኝም፣ እኔም አላምንህም። ቅዳሜ ግን ከነገ ወዲያ ነው፤ የሚሰቀለውም ሰውዬ ንጹሕ ነው።»

ሄዶ በሩን ዘጋው። ከመደርደሪያው ነጭ ጨው አወረደ።

«ይሄ ሲትራት ነው። እርሾው እንዲነቃ ደም ውስጥ ያለው ኖራ ያስፈልገዋል። ይሄ ጨው ኖራውን ይይዘዋል፤ እርሾው አይነቃም። ደሙ የበሽተኛ ደም ይመስላል።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዶክተሩ የነቃ እርሾ ቢጨምርበት ይረጋል፣ በሽተኛ ነው ይላል። የኖራ ውሃ ከጨመረበትም ይረጋል፤ የእውነተኛ በሽተኛ ደም ግን በኖራ አይረጋምና ጨው እንዳለበት ይታወቅበታል። ያኔ እኔም እርስዎም አለቀልን። የማን ደም ነው የምንቀዳው?»

እጅጌዬን ሰበሰብኩ።

*

ዓርብ ዕለት ሪፖርቴን አቀረብኩ፦ «ሟች ደሙ የማይረጋ በሽተኛ ነበር። ትንሽ ቆስሎ ደጁ ላይ ብዙ ፈሰሰው፤ ሲዝል ጅብ ወሰደው። አራጁ ጉታ ደሙ የነካው ቁስሉን ሊያስርለት ሲል ነው፤ ንጹሕ ነው።» «ከደጃፉ የቀዳሁት ደም ነው» ብዬ ጠርሙሱንም አብሬ አስቀመጥኩ።

ማሬሻሎው አነበበው። አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ እኔን ያያል።

«አንተ ለአበሻ አዝነህ አታውቅም» አለ። «ዛሬ ምን ነካህ?»

«እውነቱን ፈልግ አሉኝ፣ ፈለግሁ።»

«እናያለን።» ጠርሙሱን አንስቶ ወደ ዶክተሩ ይዞኝ ሄደ።

ዶክተሩ የተሰላቸ ሽማግሌ ነው። ደሙን አዘነበለው፣ በማጉያ አየው፣ «የሰው ነው» አለ። ከዚያ እጁን ወደ መደርደሪያው ሰደደ። የኖራው ውሃ ጠርሙስ ከፊት ነው። ጣቱ ነካው። ደሜ ጥግ ቆሞ ፋሻ ይጠቀልላል፤ ፋሻው ከእጁ አመለጠው።

«ደሜ» አለ ዶክተሩ፣ ጣቱን ከጠርሙሱ ሳያነሳ፣ «ጠዋት ከቀዳኸው ደም ቢጫ ውሃ አለ?»

«አለ፣ ዶክተር።»

ያንን ጨመረበት። ደሙ ትንሽ ቆይቶ እንደ እርጎ ጥቅጥቅ አለ፤ ብርጭቆውን ቢደፋውም አልፈሰሰም።

«ኤሞፊሊኮ» አለ፤ ደሙ የማይረጋ በሽተኛ ማለቱ ነው። «ይሄ ሰው ጢሙን ሲላጭ ቢቆረጥም ይሞት ነበር።» ወረቀቱ ላይ ፈረመበት።

ማሬሻሎው አልረካም። በሩ ላይ ስንደርስ ክንዴን ያዘኝ፤ በትክክል መርፌው የገባበት ላይ። ተሸማቀቅሁ።

«ክንድህን ምን ሆንክ?»

«ትኋን ነው፣ ጌታዬ። እስር ቤታችሁ እኮ ትኋን ብቻ ነው።»

ለረጅም ጊዜ ዓይን ዓይኔን አየኝ። የዶክተሩን ፊርማ ግን ከሱ በላይ ያሉት ያዩታል። ክንዴን ለቀቀው።

*

ቅዳሜ ገበያ ላይ ማንም አልተሰቀለም። ጉታን ሃያ ጅራፍ ገርፈው ለቀቁት፤ «ለምን ሐኪም አልጠራህም» ተብሎ ነው አሉ። ጀርባው እየደማ በአጠገቤ አለፈ። ቀና ብሎ አላየኝም። ደግ አደረገ፤ ሰው ሁሉ እያየን ነበር።

ጽጌማርያም ጥቁር ለብሳ፣ ሁለቱን ልጆች ይዛ፣ ሕዝቡን ሰንጥቃ መጣችና ፊቴ ቆመች። እግሬ ሥር ተፋች።

«የባሌን ደም በጠርሙስ ይዘህ ከነጭ ወደ ነጭ የምትዞር! አንተ ምን ዓይነት ሰው ነህ? ደምህን ደመ ከልብ ያድርገው!»

ሕዝቡ «አሜን» አለ። በላይነሽም ከኋላ አሜን ስትል ሰማኋት። ጽጌማርያም ይህን ያለችው ለሰው ፊት ብላ ይሁን ከልቧ፣ ያን ጊዜም አላወቅሁ፣ ዛሬም አላውቅ። ልጆቿን አየሁ። ትንሹ አራት ዓመት ይሆነዋል፤ እጇን ይዞ በእግሩ ቆሟል።

የእኔ ደም ነው ልላት አፌ ድረስ መጣ። ማሬሻሎው ከጎኔ ቆሞ ነበርና ዋጥኩት።